ሰፈሩ በሙሉ ተሳፋሪ የሆነበት ማክሰኞ

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ በአንድ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ፤ እናቴ ከእኔ አብልጣ ወንድሜን ትወዳለች። ማስረጃም ነበረኝ። እሱን ይዛ ባሕር ያለበት ከተማ ሄዳለች፤ እኔን ከአባቴና ከአክስቴ ጋር ትታኛለች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ወንድሜን ማሙሽ ነበር የምንለው። አምስት ዓመቱ ነው። "ደሙ ደክሞ ነው፤ ሲበረታ ይመጣሉ" አለችኝ አክስቴ። ደም እንዴት እንደሚደክም አልገባኝም፤ ግን ደሙ የደከመ ልጅ እናቱ ባሕር ይዛው የምትሄድ ከሆነ የኔም ይድከም ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ግቢውን በሩጫ ዞርኩት። የደከመው እግሬ ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ስትደውል ማሙሽ ስልኩን ይቀማትና "ሐሙስ ዕለት ተኝቼ ካርቱን ሳይ ዋልኩ" ይለኛል። እኔ እዚህ የማባዛት ሠንጠረዥ ስሸመድድ እሱ ተኝቶ ካርቱን! በቅናት እርር ድብን እል ነበር።

ያኔ ያልነገሩኝን አሁን እኔው ልንገራችሁ። ማሙሽ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ የወደቡ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥሩ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። ሕክምናው እኛ ከተማ የለም። በመኪና እንሂድ ቢባል አሥራ አራት ሰዓት የሚፈጅ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በአውሮፕላን ቢባል መጀመሪያ ዋና ከተማ መሄድ፣ እዚያ ማደር፣ በማግሥቱ ሌላ አውሮፕላን መያዝ ነው። ሐኪሙ እናቴን "ይህን ልጅ በየሁለት ሳምንቱ እንዲህ ካንገላታችሁት እኛ የሰጠነውን ብርታት መንገዱ ይበላዋል" አላት። እሷም ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ እዚያው ቀረች። ከእኛ ከተማ ወደ ወደቡ በቀጥታ የሚበር ቢኖር ግን ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነው። ጠዋት ሄዶ፣ ታክሞ፣ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። አባቴ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ያቺን ሃምሳ ደቂቃ ነበር።

አባቴ በከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መዛኝ ነው። ማረፊያ ማለቴ አንድ አዳራሽ፣ አራት ረጃጅም ወንበር፣ በሩ አጠገብ ደግሞ የአባቴ ሚዛን። በቀን አንድ አውሮፕላን ከዋና ከተማ ይመጣል፤ ቢበዛ ሠላሳ ስምንት ሰው ይዞ ይመለሳል፤ አለቀ። ሰው መጀመሪያ አባቴ ዘንድ ሻንጣውን ያስመዝናል፤ ቲኬት መስኮቱ ጋ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ሻንጣውን በእጁ ከፍ አድርጎ "አሥራ ሰባት" ካለ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣም አሥራ ሰባት ነው። ሰፈሩ "ሚዛኑ" ይለዋል። ቤት ውስጥ ተጫዋች ሰው ነው፤ ሚዛኑ አጠገብ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የገዛ አማቱን ሁለት ኪሎ ትርፍ አለሽ ብሎ ሻንጣዋን በሰው ፊት አስፈትቷታል፤ አያቴ ከዚያ በኋላ ለዓመት ስሙን አልጠራችም።

በዚያ ዓመት ማረፊያውን ማስፋት ተጀመረ። ማኮብኮቢያው አጭር ስለነበር ስድስት መቶ ሜትር ሊጨመርበት ዳምጠው ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፤ የሬንጁ ሽታ እስከ ክፍላችን ይመጣል። ከአዳራሹ ጀርባም አዲስ ግድግዳ እየተገነባ ነበር። ግን፣ ራት ላይ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ይህ ሁሉ ብቻውን ምንም አይደለም። "ወንበር ስለደረደሩ እንግዳ አይመጣም" ትላለች አክስቴ። አየር መንገዱ ቀጥታ በረራ የሚጀምረው በቂ ተሳፋሪ መኖሩን ሰው ልኮ ካስቆጠረ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ቀጥታ በረራ ሲሉ አሁን ያለው አውሮፕላን እንደ አውቶቡስ በየመንደሩ እየታጠፈ የሚሄድ መሰለኝና "ታዲያ ሹፌሩን ቀጥ ብለህ ሂድ አትሉትም?" አልኳቸው። ሁለቱም ሳቁ። አባቴ ቀድሞ ሳቁን አቆመ።

የማረፊያው ኃላፊ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነበር፤ ስሙ ቀርቶ "ታወሩ" ነው የሚባለው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩን ጎረቤታችንንና የሒሳብ አስተማሪዬን አስከትሎ ቤታችን መጣ። እኔ ከአክስቴ የልብስ ስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅም ነበር። እዚያ ስሆን ሰው ይረሳኛል፤ ችግሩ፣ አክስቴ መኪናውን ስትረግጠው ከወሬው ግማሹ ያመልጠኛል።

የተባለውን ሁሉ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ እያስመሰለ ደጋግሞ አጫውቶኛል።

"የአየር መንገዱ ቆጣሪዎች ማክሰኞ ሊመጡ ነው" አለ ታወሩ። "አንዲት ሴትዮና አንድ ልጅ እግር።"

"ማክሰኞ ስንት ተሳፋሪ አለን?" አለ አስተማሪው።

"ከሃያ ካለፈ ተአምር ነው።"

"እንግዲህ ከሌለ መፍጠር ነዋ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ሰማንያ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ አዳራሹን ይሙላው። የት ነው የምትሄዱት ስትል፣ ወደብ! አውሮፕላኑ ሞላ ይባልና የተረፈው ነገ ይምጣ ይባላል። ሰው ቦታ አጥቶ ሲመለስ በዓይኗ ካየች ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?"

"ሻንጣው ውስጥ ምን ይገባል?" አለ አስተማሪው።

"ትራስ! ወገብ ያለው ሰው ድንጋይ ይጨምርበት።"

ታወሩ ወደ አባቴ ዞረ። "አንተ ደግሞ ሁሉንም ሃያ ሃያ ኪሎ እያልክ ትጽፋለህ።"

አባቴ ወለል ወለሉን አየ። አክስቴ መርገጡን ስላቆመች ቀጥሎ የተባለውን እኔም ሰማሁ። "ለማን ብለን መሰለህ? ለማሙሽ ብለን አይደል እንዴ!" አለ አስተማሪው።

"እሺ" አለ አባቴ።

"ለልጆች ግን ትንፍሽ እንዳትሉ" አለ ታወሩ ሲወጣ። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

እኔ ከመኪናው ሥር የሰበሰብኩት ይኸን ነበር፤ ማክሰኞ፣ ሰማንያ ሰው፣ ሻንጣ፣ ወደብ፣ ለማሙሽ። ከዚህ የወጣው ድምር ግልጽ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ማሙሽን ሊጠይቅ ሊሄድ ነው፤ እኔን ደግሞ ሊደብቁኝ ነው።  ጨርቁን ትቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን አክስቴ ጠራችኝ።

"ነገ ትምህርት ቤት የለም። ሻንጣ ይዘን ኤርፖርት እንሄዳለን። አንዲት ሴትዮ የት ነው የምትሄጂው ካለችሽ፣ እናቴ ጋ በይ። እሺ የኔ እናት?"

"እውነትሽን ነው?"

"እንዲያ በይ አልኩሽ" አለችና መርፌዋ ላይ አቀረቀረች።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አክስቴ ካረጀች በኋላ ያን ቀን አንስታ አልቅሳብኛለች። "ውሸት ከማስተምርሽ እውነት የሚመስል ነገር ልንገርሽ አልኩ፤ እሱ ባሰ" አለችኝ። ያን ቀን ግን ዓይኗን ለምን እንደሸሸችብኝ ማን ልብ ይላል! ትልቁን ቡናማ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች፤ የሷን ትራስ ከተተች፤ ቀጥላ የኔን ትራስ ከተተች። ሰው ለጉብኝት ሲሄድ ትራሱን አይዝም። ትራሱን የሚይዘው እዚያ ሊኖር ሲሄድ ነው። ስለዚህ ልኖር ነው የምሄደው ማለት ነው።

አክስቴ ክር ልትገዛ ስትወጣ ሻንጣውን ከፈትኩት። ሊኖር የሚሄድ ሰው ሁለት ትራስ ብቻ ይዞ እንዴት ይሄዳል? መጀመሪያ የትምህርት ቤት መጻሕፍቴን ከተትኩ። የማሙሽን ኳስ፣ የእንጨት መኪናውን፣ ያጠሩትንም ያላጠሩትንም ሹራቦቹን ጨመርኩ። እናቴ የሄደችው በነጠላ ጫማ ስለነበር ጥቁሩን ተረከዛም ጫማዋን በጋዜጣ ጠቀለልኩላት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን አንድ ትልቅ ጠርሙስ ማርም አልተውኩም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ በስልክ ለአክስቴ "ካውያ የለኝም፤ የልጁን ልብስ ፍራሽ ሥር እያስተኛሁ ነው የማለብሰው" ስትል ሰምቻለሁ። የአክስቴን ካውያ ገመዱን ጠቅልዬ ከትራሶቹ ሥር ሸጎጥኩት። ከላይ ትራሶቹን መለስኩ፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ማለዳ ቤታችን ተተራመሰ። "ካውያዬ የት ገባ? ትናንት እዚህ ነበር! እግር አወጣ?" እያለች አክስቴ ቀሚሷን በእጇ ይዛ ትዞራለች። እኔ ድምፄን አጥፍቻለሁ። በመጨረሻ የተጨማደደውን ለብሳ ወጣች። ሻንጣዎቹን ፀጉር አስተካካዩ በእጅ ጋሪ ይሰበስብ ነበር፤ የኛን ሲያነሳ ወገቡን ያዘ።

"እታለም፣ ትራስሽ በምንድን ነው የተሞላው?"

"ከማውራት ግፋ!" አለችው፤ ልቧ አሁንም ካውያው ላይ ነበር።

አባቴ ከኛ በፊት ወጥቷል። ቁርስ እንዳልበላ ዛሬ ነው የማስታውሰው።

አዳራሹን እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከነልጆቿ፣ ግንበኞቹ ሲሚንቶውን ታጥበው፣ ፖስታ ቤት የሚሠራው ሽማግሌ በከረባት። ሁሉም የክት ልብሱን ለብሶ ሻንጣውን አቅፏል። አንዳንዱ ደግሞ ትወናው ልቡ ውስጥ ገብቶ "ስደርስ እደውላለሁ" እየተባባለ ይሳሳማል። አስተማሪዬ ጥላ ይዞ ነበር፤ ወደብ ላይ ዝናብ አይጠፋም ብሎ። ልጅ እግሩ መልእክተኛ በእጁ የያዛትን ትንሽ መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ሴትዮዋ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ በዕድሜ የእናቴን እጥፍ የምትሆን ሴት ናት። ታወሩ ከኋላዋ አይለይም፤ "ማክሰኞ ደግሞ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል" ይላታል፣ ሰማንያ ሰው እየተጋፋ።

እኔ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለማሙሽ!

ምዘናው ተጀመረ። የፀጉር አስተካካዩ ሻንጣ በር የሚያህል ነው። አባቴ በሁለት ጣት አንሥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤ መርፌውን አየ፤ እርሳሱን መዝገቡ ላይ ይዞ ቆየ። ታወሩ ከሩቅ ሳል ሳለ። አባቴ ጻፈ። ሦስት። ቀጥሎ የአስተማሪው፤ ሁለት ተኩል። የዳቦ ጋጋሪዋ፤ ሦስት ከሩብ። ታወሩ ሳሉ እየበረታ ሄደ።

አባቴ ለምን ሃያ ብሎ እንዳልጻፈ ትልቅ ልጅ ሆኜ ጠይቄው ነበር። "የዚያ መዝገብ ግልባጭ አብራሪው ዘንድ ነው የሚሄደው" አለኝ። "አውሮፕላኑ ምን እንደተሸከመ የሚያውቀው ከእኔ ጽሕፈት ነው። ሃያ ልል አስቤ ነበር፤ ማሙሽንም አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።"

ሴትዮዋ አባቴ ትከሻ አጠገብ መጥታ ቆመች፤ መነጽሯን አደረገች፤ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበች።

"አባት፣ የዚህ ከተማ ሰው ሲጓዝ ምን ይዞ ነው የሚሄደው?"

"ቀለል ያለ ነገር" አለ አባቴ። ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር።

ተራው የኛ ሆነ። አባቴ ሻንጣችንን እንደ ሌሎቹ በሁለት ጣት ሊያነሳው ሞከረ። ሻንጣው ንቅንቅ አላለም። አክስቴን አያት፤ አክስቴ ሻንጣውን አየችው። በሁለት እጁ አንሥቶ ሚዛኑ ላይ አወጣው። አሥራ አንድ ኪሎ።

"ይኸኛው ይከፈትልኝ" አለች ሴትዮዋ።

ሲከፈት መጀመሪያ የኔ ትራስ ፈንጠር ብሎ ወጣ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሴትዮዋ ትራሶቹን አነሳች። ከሥሩ ሹራቦቹ፣ ኳሱ፣ የእንጨቱ መኪና፣ መጻሕፍቱ፣ ማሩ። ጋዜጣውን ስትገልጠው የእናቴ ጫማ። አባቴ ጫማውን ሲያይ እጁን ሚዛኑ ላይ እንዳሳረፈ ደርቆ ቀረ። በመጨረሻ ካውያው ወጣ።

"ውይ፣ ውይ፣ ካውያዬ!" አለች አክስቴ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

"ማነው ያሰናዳው?" አለች ሴትዮዋ።

"እኔ" አልኩ በኩራት።

አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "የት ልትሄጂ ነው?"

"እናቴ ጋ።"

"ካውያ ምን ያደርግልሻል?"

"እናቴ የላትም። የማሙሽን ልብስ ፍራሽ ሥር ነው የምትተኩሰው።"

"ስንት ቀን ልትቆዪ ነው?"

"ልኖር ነው። ትራሴም አለ።"

"አባትሽስ?"

ወደ አባቴ ዞር ብዬ አየሁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለሱ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። "አባዬ ሥራ አለበት" አልኩ። "ሻንጣ ይመዝናል።"

 የልጅ እግሩ መቁጠሪያ ቀጭ ማለቷን አቆመች። አባቴ እርሳሱን መዝገቡ መሃል አስቀመጠ።

"ይኸ ሕዝብ ዛሬ የትም አይሄድም" አለ። "ያመጡት ትራስ ነው። እኔን ሊረዱ ብለው ነው፤ እነሱን አይቀየሙ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።" ታወሩ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። አባቴ ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ጎንበስ ብሎ ሌላ ነገር ቀጠለ፤ ረጅም ነገር፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። እኔ የያዝኩት "ቤቱ" የምትለዋን ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ "ቤቱ፣ ቤቱ" አለ። ስለ ማን ቤት እንደሚያወራ ገርሞኝ ነበር።

አባቴ ያላትን ዛሬ አውቀዋለሁ። "ሐኪሞቹ እንደማይድን ነግረውናል። የሚሰጡት ዕድሜ እንዲጨምርለት ነው። እኔም ይዳን ብዬ አልለምንዎትም፤ ያለችውን ዕድሜ ቤቱ እንዲኖራት ነው የምለምንዎት። እኅቱ አጠገብ።" እኔ ያ በረራ ከመጣ ማሙሽ ይድናል ብዬ ነው ያደግኩት። ትልልቆቹ ሁሉ፣ ትራስ ታቅፎ የቆመው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር፣ የሚያውቁት ሌላ ነበር።

 ሴትዮዋ ዕቃዬን አንድ በአንድ ወደ ሻንጣው መለሰች፤ የእናቴን ጫማ እንደነበረው በጋዜጣ ጠቀለለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰዉ ዞረች።

"አሁን ውሸት ይበቃል። እውነት ወደብ ከተማ ሰው ያለው እጁን ያውጣ።"

መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ አወጣች፤ ልጇ እዚያ ይማራል። የፖስታ ቤቱ ሽማግሌ አወጣ፤ ወንድሙ። ከግንበኞቹ ሦስቱ። ልጅ እግሩ ሠላሳ አንድ ቆጠረ።

"ዘንድሮ ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ አያችኋቸው?"

ሁለት እጅ ቀረ።

"ሞኞች ናችሁ" አለች ሴትዮዋ፤ ድምጿ ግን የቁጣ አልነበረም። "ይኸን አትነግሩኝም ነበር?" ወደ አባቴ ዞራ "የድሮ መዝገቦችዎ አሉ?" አለችው።

"ሁሉም አሉ። የአሥራ ሰባት ዓመት።"

"ያውጡልኝ።"

ቀትር ላይ አውሮፕላኑ መጣ። እውነተኞቹ ተሳፋሪዎች፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች፣ ወጥተው ተሳፈሩ፤ ደረጃው ተነሣ። እኔ በመስኮቱ አፍንጫዬን ደፍጥጬ ስማችን እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ሞተሩ ጮኸ፣ ሣሩ ተኛ፣ አውሮፕላኑ ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ። ያኔ ነው እሪ ያልኩት።

አባቴ አዘለኝ። የዚያን ቀን ሚዛኑን ለታወሩ ትቶ እስከ ቤት ድረስ በእግሩ አዝሎኝ መጣ። እንባዬ አንገቱ ላይ እየፈሰሰ "አውሮፕላኑ ሞልቶ ነው?" አልኩት።

ጥቂት ሄደ። "አዎ የኔ ልጅ፣ ሞልቶ ነው" አለኝ።

በሕይወቴ አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስም አለኝ፤ ለካስ ማረፊያውን የሚያሰፉት ለዚህ ነው ብዬ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ ዳምጠውን "ቶሎ በል እንጂ!" እለው ነበር።

እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ቀጥታ በረራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ እል ነበር። እኔና ካውያው። ሰፈሩም እንዲሁ ይላል፤ ሲድሩኝ እንኳ ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ይኸንኑ አውርቷል። ታወሩ ጡረታ ሲወጣ ግን የሴትዮዋን ሪፖርት አሳየኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስለ እኔ አንድም ቃል የለበትም። የአዳራሹ ቆጠራ "የማይታመን" ተብሎ ተሰርዟል። አባቴ ግን ማንም ሳያዝዘው ለአሥራ ሰባት ዓመት ከእያንዳንዱ ሻንጣ ጎን ባለቤቱ መጨረሻ ላይ የሚደርስበትን ከተማ ይጽፍ ኖሯል፤ ሻንጣ ቢጠፋ ለመፈለግ እንዲመች። ያን ሲደምሩት ወደ ዋና ከተማ ከሚበሩት አሥር ሰዎች አራቱ ለካ ወደብ ነው የሚሄዱት። "መዛኙ ለራሱ በማይበጀው ጊዜ እንኳ እውነቱን ስለሚጽፍ መዝገቡን አምነነዋል" ይላል ሪፖርቱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ቀጥታ በረራ ይጀመር። ለሙከራ።

ከአሥር ወር በኋላ ማኮብኮቢያው አለቀ። በመጀመሪያው በረራ እናቴና ማሙሽ መጡ። ባንዲራ ነበር፣ ንግግር ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ "ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ" እያለ የአውሮፕላኑን ጎማ ሊነካ ሄዶ ጥበቃው መለሰው። ማሙሽ ረዝሟል። እናቴ ግን ያጠረች መሰለችኝ፤ ፊቷም ሌላ ሆነብኝ። እቅፏ ውስጥ ስታስገባኝ እንደ እንጨት ተገተርኩባት። ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ መጥታ ወዲያው ልትወደድ? ዘጠኝ ቀን ሙሉ አኮረፍኳት። ምግብ ስታቀርብልኝ ከአክስቴ እጅ ካልሆነ አልበላም አልኩ። እሷም ሳህኑን ለአክስቴ ታቀብላትና አክስቴ ለእኔ ትሰጠኛለች።

በአሥረኛው ቀን ሐሙስ ሆነ። ጠዋት ስነቃ እናቴ የማሙሽን የጫማ ማሰሪያ እያሰረች ነው። ትንሽ ቦርሳ በሩ ላይ ተቀምጧል።

"ማታ እንመጣለን" አለችኝ።

የመጀመሪያውም ጊዜ "ቶሎ እንመጣለን" ነበር ያለችው። ማኩረፌን ረሳሁት። ቀሚሷን ይዤ አልለቅም አልኩ፤ አባቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀ። በአኩራፊነቴ አስመርሬያት እንደሄደች እርግጠኛ ነበርኩ።

ማሙሽ በዚያ አውሮፕላን ሰባ ስድስት ጊዜ ሄደ፤ ሰባ ስድስት ጊዜ ተመለሰ። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። በመጨረሻው ሳምንት ቤቱ ነበር፤ አልጋው ከኔ አልጋ ጋር ተገጥሞ፣ ካርቱኑን ማን ይምረጥ እያልን እየተጣላን። ሌሎቹን ጉዞዎች ለይቼ አላስታውሳቸውም፤ ሰው የለመደውን አያስታውስም። የመጀመሪያዋን ሐሙስ ግን ከነሽታዋ አስታውሳታለሁ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት አልሄድኩም። የማረፊያው አጥር ጋ ሄጄ ሽቦውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ሰማዩ ባዶ ነበር። አክስቴ ፈልጋ መጥታ "ነይ ቤት፣ ይመጣሉ" አለችኝ፤ እምቢ አልኳት፤ እሷም አጠገቤ ቆመች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ነጥብ ታየች፤ ወረደች፤ ቆመች። ደረጃው ተጠጋ። ሰዎች ወረዱ፤ ሁሉም የማላውቃቸው። በመጨረሻ እናቴ ማሙሽን አዝላ ብቅ አለች። ተኝቷል። እኔ በአጥሩ በኩል እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩና ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"ምን ሆነሽ ነው? ማን መታሽ?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"መጣሽ" አልኳት።

ድካሟ ከፊቷ ላይ ነበር። ማሙሽን ጀርባዋ ላይ ወደ ላይ ገፋ አደረገችውና በቀረው እጇ ጭንቅላቴን ወደ ሆዷ አስጠጋች።

"ታዲያ የት ላድር ኖሯል?" አለችኝ።